የሟች ዕዳና የየቲም ሐቅ

(በዱርቤቴ ከየቲም ቤተሰቦችና ከረጂ ወንድሞችና እህቶች ጋር በተደረገ የምክክር ስብሰባ ላይ የማኅበራችን የየቲሞች ክፍል ያቀረበው ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አንባቢዎቻችን ይጠቅማል በሚል ሙሉውን አትመነዋል።)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ብዙ ጊዜ በለቅሶ ቤት በሹክሹክታ የሚወራ፣ በአደባባይ ግን የማይነሣ ነው። አባት ይሞታል። ጀናዛው ይሰገድበታል፤ ይቀበራል። ሐዘንተኛው ገና ከምንጣፉ ሳይነሣ በር ላይ ሰው ይቆማል፤ «ሟች ዕዳ ነበረበት» ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ በሁለት ፍርሃት መካከል ይወድቃል። አንዱ ሟች በዕዳው ይያዛል የሚለው የአኺራ ፍርሃት ነው። ሌላው ልጆቹ ምን ይበላሉ የሚለው የዱንያ ፍርሃት ነው። ባለ ዕዳን የሚያስጨንቅ ሰብሳቢ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ገብቶ የፈለገውን ይዞ ይወጣል።

እኛም በዚህ ጉዳይ ተፈትነናል፤ ስለዚህ የምንጀምረው ከራሳችን ጉድለት ነው።

ያላየነው በር

ከዱርቤቴ ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖር፣ በቆሎና ዳጉሳ ከገበሬ እየገዛ ለገበያ የሚያቀርብ አንድ ወንድማችን በሕመም ወደ አኺራ ሄደ። ሚስቱንና አራት ልጆችን ጥሎ አለፈ። የመጀመሪያው ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማኅበራችን ልጆቹን መዘገበ፤ በእናንተ በረጂዎቻችን ገንዘብም በየወሩ 1,000 ብር ለእናታቸው ይደርሳት ጀመር። እኛ ደረሰኙን እያስፈረምን፣ መዝገባችንን እየሞላን፣ ሥራችንን በሚገባ የሠራን መስሎን ተቀመጥን።

በሰባተኛው ወር ወደ ቤቱ ስንሄድ ትንንሾቹ ልጆች በትምህርት ሰዓት ቤት ውስጥ ነበሩ። ደብተር አልተገዛላቸውም። እናታቸውን ስንጠይቃት ዝም አለች። በኋላ ትልቁ ልጅ እኛን ለመሸኘት ወደ መንገዱ ሲወጣ፣ «ጋሼ፣ ብሩን እኮ ለእኛ አይደለም የምትሰጡት፤ በገበያ ቀን አንድ ሰውዬ እየመጣ ይወስደዋል» አለን።

ነገሩን ስናጣራ ሰውየው ለሟች ገንዘብ ያበደረ ነጋዴ ነው። ከቀብሩ በአራተኛው ቀን መጥቶ፣ «እታለም፣ ባለቤትሽ 20,000 ብር አለበት፤ ባትከፍይ በመቃብሩ ይሠቃያል» ብሏት ነበር። እህታችን ወረቀት አልጠየቀችም። የባሏ ሥቃይ ሲነሣባት ማን ወረቀት ይጠይቃል? ከዚያ በኋላ የየቲሞቹ ገንዘብ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላ እጅ ይወጣ ነበር። እኛ ከመድረሳችን በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ ሰውየው አዲስ ሐሳብ አምጥቶ ነበር፤ ትልቁን ልጅ ለአንድ ዓመት እረኛ አድርጋ እንድትሰጠው፣ ደመወዙም ከዕዳው እንዲታሰብ ጠይቋታል። እርስዋም «እሺ» ለማለት ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ሰባት ወር ሙሉ እናንተ ለየቲም ብላችሁ የሰጣችሁት 7,000 ብር ወደ ሌላ ሰው ኪስ ሲገባ እኛ ፊርማ እንሰበስብ ነበር። ይህንን የምንነግራችሁ የአደራው ባለቤቶች ስለሆናችሁ ማወቅ ይገባችኋል ብለን ነው። አላህ ይቅር ይበለን።

ዕዳው ቀላል ነገር አይደለም

ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንለው «እንግዲህ ሟች ሞተ፤ ከየቲም ላይ ዕዳ አይጠየቅም፤ ያ ሰው ይባረር» የሚል ነው። ይህ ግን ስሕተትን በሌላ ስሕተት መለወጥ ይሆናል።

ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ሊሰገድበት የቀረበ ጀናዛ ዕዳ ያለበት መሆኑንና መክፈያም አለመተዉን ሲሰሙ ሶሓቦች እንዲሰግዱበት ነግረው ራሳቸው ከመስገድ መቆጠባቸውን፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) «ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን» ካሉ በኋላ ግን እንደሰገዱበት ቡኻሪ ዘግበዋል። በኋላም አላህ ሲሳዩን ባሰፋ ጊዜ ዕዳ ትቶ የሞተን ሙእሚን ዕዳ ራሳቸው እንደሚከፍሉ፣ ሀብት ትቶ የሞተ ከሆነ ግን ሀብቱ ለወራሾቹ እንደሆነ አስታውቀዋል። ይህ ሐዲስ ለእኛ ለማኅበር ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው። የድኻ ሟች ዕዳ የመበለቲቱና የልጆቹ የብቻቸው ሸክም ሆኖ እንዲቀር አልተተወም፤ ማኅበረሰቡ ትከሻውን እንዲያቀርብ ተደርጓል።

ከሁሉም በላይ ለዛሬው ርእሳችን የሚቀርበው የሰዕድ ኢብኑል አጥወል (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ወንድማቸው ሦስት መቶ ዲርሃምና ልጆችን ትቶ ሞተ። እርሳቸውም ገንዘቡን ለልጆቹ ሊያወጡት አሰቡ። ነቢዩ ግን ወንድማቸው በዕዳው ምክንያት የተያዘ መሆኑን ነግረው ዕዳውን እንዲከፍሉለት አዘዟቸው። ኢብኑ ማጀህና አሕመድ እንደዘገቡት ሰዕድ ዕዳውን ሁሉ ከፍለው ማስረጃ ያልነበራት አንዲት ሴት የምትጠይቀው ሁለት ዲናር ብቻ ሲቀር፣ ነቢዩ እውነተኛ መሆኗን ገልጸው እንዲሰጣት አደረጉ። እንግዲህ የየቲም ርኅራኄ እንኳ ዕዳን አይሰርዝም። ይህቺን ሴት ልብ በሉልን፤ ወደ እርስዋ እንመለሳለን።

ዕዳው ለሙስሊም ቢሆን ለክርስቲያን ጎረቤት ያው ነው። እኛ በዚህ በጎጃም ምድር ከክርስቲያን ወገኖቻችን ጋር ገበያውን፣ ወፍጮውን፣ መንገዱን ተካፍለን የምንኖር ነን፤ ዱቤ የምንወስደውም የምንሰጠውም ከእነርሱ ጋር ነው። ነቢያችን ራሳቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ የጦር ልብሳቸው ለቤተሰባቸው በወሰዱት ሠላሳ ሷዕ ገብስ ምክንያት በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። የሌላ እምነት ተከታይ ነው ብሎ የሰውን ሐቅ ማስቀረት በእስልምና ቦታ የለውም።

የየቲሙም ሐቅ ቀላል አይደለም

በሌላው ወገን ደግሞ ቁርኣን የየቲምን ገንዘብ በበደል የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ አስጠንቅቋል (አን-ኒሳእ 4፡10)። ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከምም ተነግሮናል (አል-አንዓም 6፡164)። የአባት ዕዳ የሚከፈለው አባት ከተወው ሀብት ነው። ሀብቱ ካላበቃ ወራሹ ከራሱ ኪስ ቢከፍል በጎ ሥራ ነው፤ አላህም ይመነዳዋል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ሕፃን ደግሞ በጎ ሥራ ብሎ ገንዘቡን የመስጠት አቅም የለውም፤ ሞግዚቱም በስሙ ሊሰጥበት አይችልም።

እንግዲህ የሁለቱ ሐቆች ድንበር እዚህ ላይ ነው። ሟች ትቶት የሄደው በሬ፣ እህል፣ ሸቀጥ፣ ሰው ላይ ያለው ገንዘብ የሟች ሀብት ነው፤ ባለ ዕዳ ጠያቂዎች ከወራሾች ይቀድሙበታል። ከሞተ በኋላ እናንተ ለልጆቹ የሰጣችሁት ገንዘብ ግን አንድ ቀንም የሟች ሀብት ሆኖ አያውቅም። የተሰጠው ለየቲሙ ነው፤ የየቲሙ ነው። ከዚያ ላይ የአባትን ዕዳ መውሰድ ከአንድ ሰው ኪስ የሌላን ሰው ዕዳ መክፈል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚህ ነጥብ ከሸሪዓው ጋር ይቀራረባል። ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟች ሀብት ከወራሾች የግል ሀብት ተለይቶ ይቆያል። የሟች ገንዘብ ጠያቂዎች መብታቸው በውርሱ ንብረት ላይ ነው፤ በወራሾች የግል ንብረት ላይ አይደለም። በሰውየው መሞት ምክንያት ለቤተሰቡ የሚሰጥ ጡረታና ካሣም ከውርስ አይቆጠርም።

በቅድሚያ ምን ይከፈላል?

በሸሪዓ ሟች ከተወው ሀብት መጀመሪያ የመገነዣና የመቅበሪያ ወጪ ይወጣል። ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል። ከዚያ ከሲሶ ያልበለጠ ኑዛዜ ይፈጸማል። የተረፈው ለወራሾች ይከፋፈላል። በሱረቱ-ን-ኒሳእ 4፡11 እና 12 ላይ የውርስ ድርሻ ሲነገር በተደጋጋሚ ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑ የተገለጸው ለዚህ ነው። ኑዛዜ በቃል አቀማመጥ ቢቀድምም ነቢዩ ዕዳን ከኑዛዜ አስቀድመው መፍረዳቸውን ዐሊይ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 1014 የቀብር ወጪን፣ ከዚያ የውርስ ማጣሪያ ወጪን፣ ከዚያም የሟችን ዕዳ በቅደም ተከተል አስቀምጧል።

በዚህ ላይ ሁለት የተዘነጉ ነገሮችን እናስታውስ። አንደኛው የሚስት መህር ነው። በኒካሕ ጊዜ ቃል ተገብቶ ያልተከፈለ መህር ካለ እንደ ማንኛውም ዕዳ የሟች ዕዳ ነው። እህቶቻችን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ እነርሱ በይሉኝታ ዝም ይላሉ። ብትተወው ምርጫዋ ነው፤ መኖሩን ሳታውቅ ሲቀርባት ግን በደል ነው።

ሁለተኛው የለቅሶ ድግስ ነው። ዕዳው ሳይጣራ በሬ ታርዶ፣ ጎተራ ተገልብጦ ሕዝብ የሚበላበት ቤት አይተናል። ያ በሬ የገንዘብ ጠያቂዎችና የየቲሞች ሐቅ ነው። ሕጉም እንኳ ለመታሰቢያ ድግስ የሚወጣውን ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። የነቢዩ ሱና ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በሙእታ ዘመቻ ሲሰዉ ነቢዩ ሰዎች ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ይህ ጃዕፈር በአገራችን በሐበሻ ምድር በነጃሺ ፊት የቆመው ጃዕፈር ነው። ልጁ ዐብዱላህም የተወለደው በዚሁ በሐበሻ ነው። እናታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ የልጆቿን የቲምነት ስታነሣ ነቢዩ በዱንያም በአኺራም የእነርሱ ኃላፊ እኔ እያለሁ ድህነት ትፈሪላቸዋለሽን በማለት እንዳጽናኗት አሕመድ ዘግበዋል። ምግብ ይዞ ወደ ለቅሶ ቤት መሄድ ሱና ነው፤ ከየቲም ጎተራ መብላት ግን ሱና አይደለም።

ዝም ያለችው እናት

ወደ ዱርቤቴው ቤተሰብ እንመለስ። ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከመስጂዱ ኢማም ጋር ተቀምጠን የሟችን ደብተር አስወጣን። ሟች በእጁ የጻፈው ነጋዴው ያበደረው 12,000 ብር መሆኑን ነው። የቀረው 8,000 ብር በላዩ ላይ የተጨመረ አራጣ ነበር። ሸቀጥ በዱቤ የሰጠ አንድ ባለ ሱቅ 9,000 ብር ነበረው። የእህታችን ያልተከፈለ መህር 3,000 ብር ነበር። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ «የአሮጊቷ አደራ 6,000» የሚል ተጽፎ ተገኘ።

ይህቺ አሮጊት ማን እንደሆነች እህታችን አታውቅም ነበር። በጁሙዓ ሶላት በኋላና በገበያው በኩል «በሟቹ ላይ ገንዘብ ያለው ይምጣ» ተብሎ ሲነገር አንዲት አረጋዊት እናት በትራቸውን ተደግፈው መጡ። በግ ሸጠው ያገኙትን ለክፉ ቀን ብለው ለሟች አስቀምጠው ነበር። ለለቅሶም መጥተው ነበር፤ ነገር ግን «ሕፃናቱን አይቼ አፌን ያዘኝ» አሉ።

ወንድሞችና እህቶች፤ የዛሬው ንግግራችን ሁሉ ከዚህች ቃል ላይ ይሰበሰባል። በጩኸት የመጣው ሰው ከሐቁ በላይ እየጠየቀ ሰባት ወር ሲቀበል፣ ሐቃቸው ያልተነካው እናት በርኅራኄ ዝም ብለው ነበር። ዕዳ በአስፈራራ ልክ የሚከፈል ከሆነ ርኅሩኁ ይቀማል፤ ጉልበተኛው ይጠግባል፤ ሟችም ከዕዳው ነጻ አይወጣም። የሰዕድ ኢብኑል አጥወል ሴት ዛሬም በየመንደራችን አለች። እርስዋን የሚያገኛት ግን በሥርዓት የሚያጣራ ሰው ብቻ ነው።

ሒሳቡም እንዲህ ሆነ። የእህታችን የራሷ ንብረት ከተለየና የቀብር ወጪ ከተነሣ በኋላ ሟች የተወው እህልና ሸቀጥ 20,000 ብር አወጣ። ዕዳው በጠቅላላ 30,000 ብር ነበር። ሀብቱ ዕዳውን ካልሸፈነ ገንዘብ ጠያቂዎች እንደ ድርሻቸው ይካፈላሉና እያንዳንዱ ከሦስት እጁ ሁለቱን አገኘ፤ ነጋዴው 8,000፣ ባለ ሱቁ 6,000፣ አሮጊቷ 4,000፣ እህታችን 2,000። ነጋዴው ከየቲሞቹ ገንዘብ የወሰደውን 7,000 ብር እንዲመልስ ሽማግሌዎች ፈረዱበት፤ ከድርሻውም ተቀንሶ ለልጆቹ ተመለሰ። ነገሩ መራራ ነበር፤ ሰውየውም ብዙ ተናገረ። ነገር ግን የራሱ 12,000 ብር እውነተኛ ሐቅ መሆኑን ማንም እንዳልካደበት ሲያይ ረጋ አለ። ከቀረው 10,000 ብር ባለ ሱቁ 3,000ውን፣ እህታችን 1,000ዋን ለአላህ ብለው ተዉ። የነጋዴውን 4,000 እና የአሮጊቷን 2,000 ብር ደግሞ ለዚሁ ብለው የሰጡ ረጂዎች ሸፈኑት። ልጁም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

ሰብሳቢው ሲመጣ ምን እናድርግ?

ከዚህ ያገኘነውን ትምህርት ለቤተሰቦች በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በሐዘኑ ቀናት ምንም አትፈርሙ፤ ምንም አትክፈሉ፤ ምንም አትካዱ። «ዕዳውን አንክድም፤ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በዚህ ቀን በሽማግሌዎች ፊት ኑ» የሚል አንድ መልስ ለሁሉም ይበቃል። መበለት ብቻዋን ከሰብሳቢ ጋር አትቀመጥ፤ ወንድሟ፣ አጎቷ ወይም ከዕድሩ አንድ ሰው አብሯት ይኑር።

ሁለተኛ፤ የሟችን ደብተር፣ ውሎች፣ ደረሰኞች፣ የባንክና የቴሌብር መዝገብ ሰብስቡ። ስትፈልጉ ሟች ያለበትን ብቻ ሳይሆን ሟች በሰው ላይ ያለውንም ፈልጉ። ብዙ ቤት ዕዳውን የሚከፍለው ጠፍቶ ሳይሆን ያበደረው ሰው ዝም ስላለ ነው።

ሦስተኛ፤ በመስጂድ፣ በዕድርና በገበያ አስነግሩ። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ሲሞቱ ብዙ ዕዳ ነበረባቸው። ልጃቸው ዐብዱላህ ዕዳውን ከፍለው ከጨረሱ በኋላ እንኳ ወራሾች ድርሻቸውን ሲጠይቁ አራት ዓመት በሐጅ ወቅት «በዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ይምጣ» እያሉ ሳያስነግሩ ውርሱን እንዳላካፈሉ ቡኻሪ ዘግበዋል። እኛ አራት ዓመት አንጠብቅ ይሆናል፤ አራት ጁሙዓ ግን አያቅተንም።

አራተኛ፤ ማስረጃ ጠይቁ። ማስረጃ የጠያቂው ግዴታ ነው። ሟች ቀርቦ መልስ መስጠት ስለማይችል ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት ከማስረጃው ጋር ጠያቂው እንዲምል ያደርጋሉ። በአገራችን ሕግም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472)። ይህ ግን በደብተር የተጻፈውን እውነት ወረቀት የለውም ብሎ ለመካድ ሽፋን እንዳይሆን አደራ እንላለን። ፍርድ ቤት ቢፈታን አላህ አይፈታንም።

አምስተኛ፤ የተበደረውን ብቻ ክፈሉ። አራጣ በቁርኣን የተከለከለ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712ም ያስቀጣል። በወለድ አገድ የተያዘ መሬት ካለም ለሽማግሌና ለዐሊም አቅርቡት፤ አበዳሪ ዋናው ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን የሚበላበት ይህ ልማድ ከብድር ጥቅም መውሰድ ነውና። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በዕዳ ስም የየቲሞችን የይዞታ ደብተር ወስዶ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

ስድስተኛ፤ ሟች ከባንክ ወይም ከብድርና ቁጠባ ተቋም ተበድሮ ከነበረ መሞቱን በጽሑፍ አሳውቁና የውሉን ቅጂ ጠይቁ። ተበዳሪው ሲሞት ቀሪውን ዕዳ የሚሸፍን መድን በብድሩ ላይ ተከፍሎ ከሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። በቡድን ዋስትና የተወሰደ ከሆነም የቡድኑን አባላት ሰብስባችሁ ተመካከሩ፤ እነርሱም ቤተሰብ አላቸው።

ሰባተኛ፤ ነገሩ በሽማግሌ ካልተፈታ በወረዳው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡና ውርስ አጣሪ እንዲሾም ጠይቁ። ሁለቱም ወገኖች ፈቃደኛ ከሆኑ የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይታያል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 78 ለዚህ በር ከፍቷል። ከብት ነድቶ የሚወስድ፣ የሚዝት፣ ልጅ በዕዳ ካልተሰጠኝ የሚል ሰው ግን ገንዘብ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ሕግ ተላላፊ ሆኗል። ልጅ የዕዳ መያዣ አይሆንም።

ስምንተኛ፤ ስትከፍሉ በምስክር ፊት ክፈሉ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የሟችን ፊርማ የያዘውን ወረቀት አስመልሱ።

ለገንዘብ ጠያቂዎች አንድ ቃል

ገንዘብ ያበደረም ሰው ቤተሰብ አለው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ገበያ የተቋረጠበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ሸቀጡ ሜዳ ላይ የቀረበት ነጋዴ ብዙ ነው። ሐቃችሁን መጠየቃችሁ ነውር አይደለም። ነገር ግን ተበዳሪ ከተቸገረ እስኪያገኝ መታገሥ፣ መተው ደግሞ የበለጠ መሆኑን ቁርኣን ነግሮናል (አል-በቀራ 2፡280)። የጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) አባት በኡሑድ ሲሰዉ ዕዳና ስድስት ሴት ልጆችን ትተው ነበር። ነቢዩ ገንዘብ ጠያቂዎቹን የአትክልቱን ተምር ወስደው የቀረውን እንዲተዉ ለመኗቸው፤ አልተቀበሉም። ነቢዩም ባለ ሐቆችን አላባረሩም። በማግስቱ ራሳቸው ወደ አትክልቱ ሄደው በረካ ለመኑበት፤ ተምሩ ተቆርጦ ዕዳው በሙሉ ተከፈለ፤ ለቤቱም ተረፈ። ጠያቂው ሐቁን አገኘ፤ የቲሞቹም አልተራቡም። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ለረጂዎቻችንና ለሁላችን

ማኅበራችን ከዚህ በኋላ የየቲም ቤተሰብ ሲመዘግብ «ሟች ዕዳ ነበረበት ወይ? በሰው ላይ ገንዘብ ነበረው ወይ? መህር ተከፍሏል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ፊርማ ከመሰብሰብ አልፎም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የልጆቹን ደብተር በዓይኑ ያያል።

የሟቾችን ዕዳ ለመሸፈን የሚሰጥ ገንዘብ ከየቲሞች ወርኃዊ ድጋፍ ተለይቶ ይያዛል። ይህንን በሰደቃ ብታደርጉት ክርክር የለበትም። ዘካን በተመለከተ በሕይወት ያለ ባለ ዕዳ ከስምንቱ ተቀባዮች አንዱ ነው (አት-ተውባ 9፡60)። ለሟች ዕዳ ዘካ ማውጣትን ግን ብዙ ሊቃውንት ሲከለክሉ፣ የማሊኪ መዝሀብ ሊቃውንትና ሌሎችም ፈቅደውታል። ስለዚህ ዘካችሁን ስትሰጡን ለምን እንደሆነ ንገሩን፤ ከዐሊሞቻችሁም ጠይቁ።

በመጨረሻም ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። ነቢዩ ኑዛዜ የሚሻ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ሳይቀመጥ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። ያለብንን፣ ያለንንና በእጃችን ያለውን የሰው አደራ በአንድ ደብተር እንጻፍ፤ ደብተሩ የት እንዳለ ለሚስታችን እንንገራት። ያ ወንድማችን በመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት ቃል ባይጽፍ ኖሮ የአሮጊቷ አደራ ከእርሱ ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር። እርሱ ግን ጻፈ። አላህ ይማረው።

ያ አላህ፣ የሟቾቻችንን ዕዳ አቅልልላቸው፤ የቲሞቻችንን ጠብቅልን፤ ያለብንን ሳንከፍል ወደ አንተ እንዳንመጣ እርዳን። አሚን።